ማስተካከያ፦ ሁቨር ወርቁን አላገኘውም

ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለሆነው መሐንዲስ ኸርበርት ሁቨር ስንጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስተናል። አንደኛ፣ ከስታንፎርድ «በማዕድን ምህንድስና ተመረቀ» ብለናል። በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተመረቀው በጂኦሎጂ ነው። የማዕድን ሥራውን የጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ የድንጋይ ጋሪ እየገፋ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኘውን «ሰንስ ኦፍ ጓሊያ» የተባለ የወርቅ ማዕድን እሱ እንዳገኘው አድርገን ጽፈናል። አላገኘውም። በ1896 ያገኙት ሌሎች ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው። ሁቨር በዓመቱ ሄዶ መረመረው፤ ለንደን ላሉት አሠሪዎቹም «ግዙት» አለ። በ1898 ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙት። ያኔ ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር!

የፕሬዚዳንትነት ዘመኑን ግን አልሳትንም፦ ከ1929 እስከ 1933።