ርካሹ ቤት አያባብልም

ሆንግ ኮንግ ላይ የካንቶን፣ ማለትም የደቡብ ቻይና ምግብ በርካሽም በውድም ይጣፍጣል። ገንዘብ ሲጨምሩ ይበልጥ የሚጨምረው አክብሮቱ ነው።

ቻ ቻን ቴንግ የሚባለው ተራ ሻይ ቤት ገብቶ «ኧረ በሞቴ አረፍ በል» እስኪባል የሚጠብቅ ቆሞ ይቀራል። ስንት እንደሆኑ በጣት ያሳያሉ፤ አስተናጋጁ ከማያውቋቸው ሰዎች መሀል ይሸጉጥዎታል። ገበታ መጋራት ደንብ ነው፤ ጎረቤትን «እንብላ» ማለት ግን ያስደነግጣል።

ዋንተን፣ ማለትም በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት፣ ከኑድል ጋር የሚሸጥበት ቤትም ለወሬኛ አይሆንም። ዋንተኑ ከታች፣ ኑድሉ ከላይ የሚደረገው መረቁ ውስጥ ሰምጦ እንዳይላሽቅ ነው። ስልክ ካነሱ ላሸቀ።

ዲምሰም፣ ማለትም ከሻይ ጋር በትንንሹ የሚቀርበው ምግብ፣ የጠዋትና የምሳ ነገር ነው። ሻይ በሰው ቁጥር ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ግን ሳህንና ቾፕስቲክ ማለቅለቂያ ነው፤ እንዳይጠጡት። ሻይ ሲያልቅ ማጨብጨብ የለም፤ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈት አድርጎ መተው ነው። ለቀዳልዎት ሰው በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ያድርጉ፤ ምስጋና ነው።

አሳማ ለማይበላ ሰው ዲምሰም ፈተና ነው። ቻር ሲዩ ራሱ አሳማ፣ ሲዩ ማይ አሳማና ሽሪምፕ ነው። ንጹሕ ሽሪምፕ የሚመስለው ሃር ጋው እንኳ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጮማ ጣል ይደረግበታል። ጿሚውም አትክልት አዘዝኩ ብሎ አይዝናና፤ ከባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራውን ኦይስተር ሶስ እንዳይደፉበት አስቀድሞ ይናገር።

ፎር ሲዝንስ ሆቴል ያለው ሉንግ ኪንግ ሂን ለምግብ ቤቶች ኮከብ በሚሰጠው የሚሽሊን መጽሐፍ የ2009 (እ.ኤ.አ.) እትም ሦስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው የቻይና ምግብ ቤት ነው። የዲምሰም ባለሙያው ከዚያ ወጥተው በዚያው ዓመት ቲም ሆ ዋን የተባለ ጠባብ ርካሽ ቤት ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ኮከብ አገኘ። እጁ ያው ነው፤ የቀረው ወንበር የሚስብልዎት ሰው ነው።

ውድ ቤት ያላዘዙት ኦቾሎኒ ሲቀርብ እንግዳ ተቀባይነት አይምሰልዎ፤ ሒሳብ ላይ ይገባል፤ ለአገልግሎትም 10 በመቶ ይጨመራል። ዓሣው በሕይወት እያለ መጥቶ ሲያሳዩዎት ራስዎን ከመነቅነቅዎ በፊት ዋጋው ለምን ያህል ክብደት እንደሆነ ይጠይቁ። ለ1 ካቲ፣ ማለትም ለ600 ግራም ገደማ ከሆነ ደህና፤ አንዳንዱ ግን የካቲን አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚተምነው።

ሒሳብ ሲመጣ ካንቶኖችም እንደኛው «እኔ ነኝ የምከፍለው» እያሉ ይታገላሉ። እጅ መታጠቢያ ሄዳለሁ ብሎ ካሸሩ ጋ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ዓሣው በአሥራ ስድስተኛው የተተመነ ከሆነ፣ ትግሉን ከአንድ ዙር አያሳልፉት።