«ዝም ብለህ አሳምረው» ለሚሉት ጀግኖቻችን

ሐውልት ሊቆምለት የሚገባ ሰው ሞልቶናል። እስካሁን ማንም ያላሰበለት ግን አንድ ጀግና አለ፤ የማተሚያ ቤት ደንበኛ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የሠርግ ጥሪው፣ የዕድር ደረሰኙ ሁሉ ታትሟል። ጀግናችን ግን ከመቶ ዓመት በላይ በወረቀትና በቀለም መሃል ኖሮ አንዲት የሙያው ቃል ሳትነካው ቆይቷል። ቀላል ጽናት እንዳይመስላችሁ። በየዓመቱ ካርድ የሚያሳትም ሰው «ብሊድ» የምትባለዋን፣ ከካርዱ ጠርዝ አልፋ የምትታተመዋን ትርፍ ቀለም፣ ሳይሰማ ማለፍ አይችልም። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ነው ችሎታው።

ሲገባ እዩት። ፍላሽ የሚባል ነገር አይዝም፣ ስልኩ ይበቃዋል። «የኔ ወንድም፣ ሎጎውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ባነር ነው፣ ሦስት ሜትር። ለነገ ጠዋት።» የላከው ስክሪን ሾት ነው። ከላይ ሰዓቱ አለ፣ ባትሪው 14 በመቶ መቅረቱ አለ፣ ጥግ ላይ የአክስቱ ልጅ የላከችለት መልእክት ብቅ ብሏል። ዲዛይነሩ ቀና ብሎ «ዋናው ፋይል የለም?» ሲለው ቅር ይለዋል። «ይሄ ምን ሆነ? ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል እኮ!»

ልክ ነው፣ ይታያል። ስልክ ላይ የማያምር ነገር የለም። ምስኪኑ ዲዛይነር እዚህ ላይ ሒሳብ ሊያወራ ይሞክራል፤ ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያስፈልጋል፣ ዲፒአይ የምንለው እሱን ነው፣ አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፣ ያንተ ሎጎ ወርዱ 300 ፒክስል ስለሆነ በዚህ ጥራት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው የሚወጣው ይላል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ከ300 በታችም ይሄዳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን 300 ፒክስል ሦስት ሜትር ላይ ሲለጠጥ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የድርጅቱ ሎጎ እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይደረደራል። ጀግናችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይሰማል። ሰምቶ ሲጨርስ ትከሻውን መታ ያደርገውና «ገባኝ፣ ገባኝ፤ አንተ ዝም ብለህ አሳምረው» ይለዋል።

በነገራችን ላይ ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልኩት ይጨምቀዋል፣ እንደ ፋይል ሲልኩት እንዳለ ያደርሰዋል። ልዩነቱ አንድ ምርጫ መንካት ነው። ጀግናችን ግን በማያውቀው ነገር ላይ ጣቱን አያሳርፍም፤ ጥንቁቅ ሰው ነው።

የቀለም ዕውቀቱም ያስቀናል። ስልክ ቀለም የሚያሳየው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቀ። ማሽኑ ደግሞ ወረቀት ላይ ቀለም ነው የሚቀባው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ በሙያው አፍ ሲኤምዋይኬ። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦገው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ያንን ያህል አይወጣም፣ ወረቀት መብራት የለውማ። ታዲያ ጀግናችን ሥራውን ሊረከብ ሲመጣ የስልኩን መብራት መጨረሻ ላይ ያደርሰውና ከታተመው ጎን ያስቀምጠዋል። «ይኸው። አንድ ነው? አንተው ፍረድ።» አብሮት የመጣውን ጓደኛውን ምስክር ይጠራል። ጓደኛውም ለመመስከር እንጂ ለሌላ ስላልመጣ «ቀለም ቆጥበውብሃል» ይላል። ፍርዱ እዚያው ያልቃል።

ሒሳብ ላይማ አይቻልም። «ለ1000 ስንት ነው?» ይልና የተጠራውን ዋጋ ለአሥር ያካፍላል። «እንግዲያው 100 ሥራልኝ፣ አንድ አሥረኛውን እከፍልሃለሁ።» ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ ለባለ ሙሉ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ የሰፈረበት ስስ ሉህ፣ ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ። ፕሌቱ ይታሰራል፣ ቀለሙ ይስተካከላል፣ እስኪስተካከል የሚባክን ወረቀት አለ። ይህ ሁሉ 100 ብታሳትምም 1000 ብታሳትምም ያው ነው። ለትንሽ ቁጥር ፕሌት የማይፈልገው ዲጂታል ማተሚያ ይሻል ነበር። ይህን ለማወቅ ግን መጠየቅ ይጠይቃል፣ መጠየቅ ደግሞ አለማወቅን ያጋልጣል፣ ስለዚህ ጀግናችን «ሌቦች ናችሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው ማተሚያ ቤት ይሻገራል። እዚያም ያካፍላል።

ወረቀት የሚመርጠው በአውራ ጣቱ ነው። አሸት አሸት አድርጎ «ወፈር ያለ» ይላል። 80 ግራም ይሁን 300 ግራም ሲባል ይስቃል፤ ግራም የሚያውቀው ወርቅ ቤት ነው። ወረቀትም የሚለካው በግራም ነው፣ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት። ፎቶ ኮፒ የምናደርግበት 80 ነው፣ ቢዝነስ ካርድ 300 ገደማ። እሱ ግን በዋጋው 80፣ በጣቱ 300 ነው የሚፈልገው።

ብሊድን አነሳሁ አይደል። የታተመ ወረቀት በመቶዎች ተደራርቦ ነው በአንድ ምላጭ የሚቆረጠው፣ ምላጩ ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ነው የመደቡ ቀለም ከካርዱ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ የሚሠራው፣ ጽሑፉ ደግሞ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚሸሸው። ጀግናችን ባዶ ቦታ ሲያይ ገንዘቡ የፈሰሰ ይመስለዋል። «ይሄ ሁሉ ሜዳ ለምን? ስልክ ቁጥሩን ወደ ጥግ ውሰደውና አድራሻውን አተልቅልኝ።» ይወሰዳል። ምላጩ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ከዚያ 1000 ካርድ ይዞ አንድ ልጅ ይቀመጥና በእስክሪብቶ 7 ቁጥርን ይጨምራል። ይህን ጥራት የትኛውም ማሽን አይደርስበትም።

መጽሔት አሳታሚዎቻችንም አሉ፣ 22 ገጽ ይዘው የሚመጡ። በመሃሉ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሰጥ ወይ 20 ነው ወይ 24። «22 አልኩህ! የሁለት ገጽ ልትበላኝ ነው?» በ24 ታትሞ ሁለቱ ባዶ ሲሆኑ ደግሞ «ባዶ ወረቀት ሸጠህልኝ» ይመጣል። ለሁለቱም ክርክር ደረሰኝ ይጠይቃል።

ፊደልም የራሱ ገድል አለው። ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ፋይል ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ሆሄና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው፣ የተሠሩት ፊደላችን ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዘዴ ነውና። ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጀግናችን ግን ለአሮጌ ፋይል ታማኝ ነው፣ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አሁንም በዚያው ይልካል። ዲዛይነሩ «ፊደሉንም አብረህ ላክልኝ፣ ካልሆነም ወደ ከርቭ፣ ወደ ሥዕል ማለቴ ነው፣ ቀይረው» ይለዋል። የሚላክለት ሌላ ስክሪን ሾት ነው።

ከሁሉ በላይ ባርኔጣ የማነሳለት ግን ፕሩፍ ላይ ነው። ፕሩፍ ማለት ሥራው ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው አንብቦ፣ አርሞ፣ «ይታተም» ብሎ የሚፈርምበት ናሙና ነው። ጀግናችን መጀመሪያ ይፈርማል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በመኪናው መስኮት፣ መሪው ላይ አስደግፎ ይፈርማል። ንባቡ የሚጀምረው 500 የሠርግ ጥሪ ታትሞ፣ ታሽጎ፣ ቤት ገብቶ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ነው። እትዬ መነጽራቸውን ያደርጉና «የአጎትህ ስም የታል?» ይላሉ። ዝም። ሙሽሪት ካላንደር ታወጣና «እሑድ ይላል፣ ቀኑ እኮ ቅዳሜ ነው የሚውለው» ትላለች። ሌላው ደግሞ ጀርባውን ገልብጦ እንግሊዝኛውን ያነባል። አማርኛው ከቀኑ 6 ሰዓት ይላል፣ እንግሊዝኛውም 6 ሰዓት። ማንም አልነካውም፣ ቁጥር ቁጥር ነው ተብሎ እንዳለ ተሻግሯል። ከዋሽንግተን የሚመጡት ዘመዶች ምሳው ከተጀመረ ስድስት ሰዓት በኋላ ተሸላልመው ከች ይላሉ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያገኙት ወንበር የሚሰበስቡ ልጆችን ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ። «አንተ አላየኸውም? ስንት ዓመት ሙያው ላይ ስትኖር የአጎቴ ስም መቅረቱን አታውቅም?» ፊርማው ሲወጣለት በስድብ የተነካ ያህል ያዝናል። «ፊርማማ ፈርሜያለሁ። አንብቤያለሁ አልኩ?» እውነቱን ነው። ከጠበቃ የማይጠበቅ ጥራት ያለው ክርክር ነው።

ይህ ጀግንነት ሀገር ውስጥ ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሯል። እዚህ ፖስታ እንደሌላው ሀገር በየበሩ አያንኳኳም፣ በአብዛኛው የሚደርሰው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ድረስ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያን በቀጥታ ለሰው ማድረስ ማለት በራሪ ወረቀት በሚኒባስ መስኮት መወርወር ነው። አሜሪካ ግን ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ኤቭሪ ዶር ዳይሬክት ሜይል» የሚባል አገልግሎት አለው። የሰው ስምና አድራሻ አያስፈልግም። የፖስታ አድራሹን መንገድ ትመርጣለህ፣ እሱ መንገዱ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ ያዳርስልሃል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሬስቶራንት ለከፈተ ሐበሻ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሕግ ግን አለው። ካርዱ ወይ ርዝመቱ ከ10.5 ኢንች፣ ወይ ቁመቱ ከ6.125 ኢንች መብለጥ አለበት፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው 6.25 በ9 የሚያሠራው። ጀግናችን የሚያሳትመው 4 በ6 ነው፣ ርካሽ ነውና። 5000 ፍሬ ያሳትማል። ዲዛይነሩ የቴምብር ምትክ የሆነውን ኢንዲሺያ የሚባል ሳጥን ጥግ ላይ ሲያስቀምጥለት «ይሄ ምንድነው፣ ክትፎውን ሸፈነው፣ አንሳልኝ» ብሎ አስነሥቷል። በስም ፈንታ የሚገባውን «የአካባቢው የፖስታ ደንበኛ» የሚል መስመርም አስወጥቷል፣ ደንበኞቹን እንደማያውቃቸው ያስመስላል ብሎ። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ፍሬ እየታሰረ መቅረብ የነበረበትን ጥቅል በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ተሸክሞ ፖስታ ቤት ይሰለፋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ስትመልሰው መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ዘረኝነት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረዋል። «ለሐበሻ ቤቶች ብቻ አድርሱልኝ።» አገልግሎቱ የሰፈሩን ሰው በዕድሜ፣ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ነው የሚያሳይህ። ቤት መርጦ መላክ የፈለገ የአድራሻ ዝርዝር ገዝቶ በሌላ ዓይነት ፖስታ ይልካል። ጀግናችን ይህን ሲሰማ አይበገርም። ካርዱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ይወስድና በእያንዳንዱ መኪና ዋይፐር ሥር ይሰካል። ከሰካ በኋላ ዝናብ ይመጣል።

መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በግለሰብ መበለጥ አይወዱም። አዲስ ዓመት መስከረም 1 ቀን መግባቱ በየዓመቱ ድንገተኛ ዜና ነው የሚሆንባቸው። በነሐሴ መጨረሻ ለካላንደር ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ በጳጉሜ አሸናፊው ይለያል። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን ግዥ ክፍሉ እፎይ ይላል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ «የዳይሬክተሩ ፎቶ ከፍ ይበል» የሚል እርማት ይመጣል። ከፍ ይላል። በጥቅምት ዳይሬክተሩ ይነሣሉ፣ ፎቶውም አብሮ ይነሣል፣ አራቱ ፕሌት እንደገና ይወጣል። ካላንደሩ በኅዳር ይደርሳል። መስከረምና ጥቅምት በጥሩ አርት ፔፐር፣ በሙሉ ቀለም ታትመዋል፣ ተከፍሎባቸዋል፣ ሠራተኛው ተረክቦ እያጠፈ ወደ ኋላ ያዞራቸዋል። ዘንድሮ ግን ስሕተቱ እንዳይደገም ቀደም ብሎ የሚሠራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። የመጀመሪያ ስብሰባው ነሐሴ 28 ነው።