«ለምን ፈለግሽው?»

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ ማንኛውም ነዋሪ የቀበሌንና የአስተዳደሩን ምክር ቤት ሰነድ «ለምን ፈለግኸው?» ሳይባል ማግኘት አለበት።

ደጋፊዋ ሳቢያን ሠፈር የምትኖር የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ተቃዋሚው በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ የገንደ ቆሬ ሠፈር ሰው ነው። ሁለቱም ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ «አንቱ» መባባል አይሆንላቸውም፤ የሌላ አገር አንባቢ እንዳይቀየም።

መምህርቷ

ክረምቱ ሳይገባ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነው። በሠፈራችን ለውኃ መውረጃ ቦይ ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ስንት እንደተሰበሰበና ሥራው ለማን እንደተሰጠ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ማየት ፈለግኩ። «ለምን ፈለግሽው?» ተባልኩ። ቀጥሎ «ማን ልኮሽ ነው?» መጣ። ከዚያ በኋላ ጥያቄም የለም፤ «ከበላይ ደብዳቤ አምጪ» ተባለ። ደብዳቤ የሚጽፈው የበላይ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ጠዋት ብሄድ ስብሰባ፣ ከሰዓት ብሄድ... አቦ፣ የድሬን ከሰዓት የማያውቅ ማን አለ።

ሕጉ እኮ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘትን ከመብት ቆጥሮታል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህንኑ አፍታቶ አስቀምጦታል፦ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይመደባል፣ መልስ በ30 ቀን ይሰጣል፣ ቅር ያለው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል። መብቱን የሚሰጠውም «ለማንኛውም ሰው» ነው። «በቂ ምክንያት ላለው ሰው» አይልም። እኛ ደግሞ በቻርተራችን፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ተጠሪነታችን ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ «የክልላችን ሕግ ገና አልወጣም» የሚል ማምለጫ እንኳ የለንም።

የቦይ ነገር ትንሽ የሚመስለው ካለ ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ያስታውስ። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ከተማው ተኝቶ፣ ዝናቡ የጣለው ከላይ ከተራራው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ መቼ ተፈተሸ? የተሰነጠቀውን ማን ይጠግነዋል? ወንዙ ዳር የምትተኛ እናት ይህን ስትጠይቅ «ለምን ፈለግሽው» ሊሏት ነው?

ጡረተኛው

የኔ ልጅ፣ የደቻቱን ነገር ለእኔ አትንገሪኝ። ያን ሌሊት ጎረቤት ቀብሬያለሁ።

ግን አንቺ የምታወሪው ስለ ቦይ ነው፤ የቀረበው ሐሳብ ግን «ሰነድ» ነው የሚለው። ቀበሌ ያለው ሰነድ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ ማን መታወቂያ ተከለከለ፣ የቀበሌ ቤት በማን ስም ነበር አሁን ማን ተቀምጦበታል፣ የትኛዋ ድሃ ቤተሰብ ተብላ ድጋፍ ተጻፈላት። እዚህ የሰው ገመና ነው በማህደር የታሰረው።

አንድ ቀን ደህና የለበሰ ሰው መጣ። የአንዲት ሴት ፋይል ፈለገ። ስሟን ያውቃል፣ የእናቷን ስም ያውቃል። «ለምን ፈለግኸው?» አልኩት። «ዘመዷ ነኝ» አለ፣ ቆይቶ «ዕዳ አለባት» አለ፣ ሦስተኛ ስጠይቀው ተቆጣ። በኋላ ሲጣራ ትታው የሄደችው ባሏ ነው፤ የፈለገው አዲሱን አድራሻዋን ነበር። እኔ ያን ቀን አዋጅ ቁጥር አላውቅም። ያቺን ሴት ያዳናት «ለምን» የምትለው ቃል ናት። አሁን ይህችን ቃል ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው አፍ ንጠቁ ነው የምትሉት።

መምህርቷ

ደግ አደረግክ። ግን ጋሼ፣ የሴትዮዋን አድራሻ ለቦዩ ገንዘብ መጋረጃ አታድርጋት። የግለሰብን የግል ጉዳይ አዋጁ ራሱ ከሚሰጠው ውጭ አድርጎታል። ያ ሰውዬ የመጣበትን ምክንያት አሳምሮ ቢናገርም ሊሰጠው አይገባም ነበር። ጎበዝ ውሸታም ቢሆን ኖሮስ? «ለምን» ብለህ የምትለየው መዋሸት የሚችልበትን ከማይችልበት ነው። መታየት ያለበት ወረቀቱ እንጂ የጠያቂው ፊት አይደለም።

አንድ ነገር ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። በሕንድ ራጃስታን የገጠር ሰዎች የቀን ሥራ ሠርተው ደመወዛቸው እየተሸረፈ ሲያስቸግራቸው የክፍያ መዝገቡን አሳዩን አሉ። ከ1994 ጀምሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ መዝገቡን በአደባባይ ጮክ ብለው ያነብቡት ጀመር። የሞተ ሰው ደመወዝ ፈርሞ ተገኘ፤ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ተብሎ ተከፍሎበት ተገኘ። አገሪቱ በ2005 የመረጃ መብት ሕግ እስክታወጣ የደረሰው ግፊት ከዚያ ነው የተነሳው። እስቲ እነዚያን ሰዎች «ለምን ፈለጋችሁት?» በላቸው። እውነተኛው መልሳቸው «ሌብነት ስለጠረጠርን» ነው። ይህን ምክንያት ሰምቶ መዝገቡን የሚያወጣ ባለሥልጣን የት አገር አለ?

ጡረተኛው

ይቺ አሳምናኛለች፤ ግማሹን።

የቀረው ግማሽ ክፍሉ ነው። መዝገብ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቆሞ የተጣመመ መደርደሪያ፣ ከጣሪያው ሥር የተከመረ ካርቶን፣ ሙቀቱ ወረቀቱን እንደ ቂጣ ያደረቀው። የማህደሩ ቁጥር በመዝገብ ሳይሆን በሠራተኛው ጭንቅላት ነው። እኔ ስወጣ አብሮኝ የወጣ ብዙ ነገር አለ፤ እስካሁን ስልክ ይደውሉልኛል። አንቺ «ቃለ ጉባኤ» ስትይ ልጁ ሁለት ቀን አቧራ ሲያራግፍ ይውላል፤ ደጅ ላይ ግን መታወቂያ የሚያሳድስ፣ የልደት ወረቀት የሚፈልግ ተሰልፏል። ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ነገር ይጠይቅ ካልሽ መጀመሪያ መደርደሪያ ግዢ።

ደግሞም ነገ ይነበባል ብሎ የሚያስብ ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤ አይጽፍም። «በሰፊው ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ይዘጋዋል። ክርክሩ በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ ያልቅና ወረቀቱ ባዶ ይቀራል።

መምህርቷ

አሁንስ እንዴት ነው የሚጻፈው? «በሰፊው ውይይት ተደርጎበት» እኮ ከአዋጁም በፊት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው።

መደርደሪያውን በተመለከተ ልክ ነህ፤ እኔም ያንን ልጅ አላማርርም። ግን የበጀቱን ድልድል፣ የጨረታውን ውጤትና የመዋጮውን ካርኒ ድምር በየሦስት ወሩ በር ላይ ብትለጥፉ ማን ይመጣባችኋል? አዋጁ መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ የሚያወጣው ነገርም እንዳለ ይናገራል። በር ላይ የሚለጠፈው ግን የጽዳት ዘመቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በእውነት መልስልኝ። ያን ሁሉ ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ «ይህ ሰነድ በዚህ ምክንያት አይሰጥም» ተብሎ ለጠያቂ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ አይተህ ታውቃለህ?

ጡረተኛው

(እዚህ ላይ ቡናውን ደግሞ ቀዳ።)

አንድም አላየሁም። ማን ይጽፋል? «አይሰጥም» ብለሽ ከጻፍሽ ስምሽና ፊርማሽ ሥር ይቀመጣል። «ነገ ነይ» ግን ፊርማ የለውም። ነገ ነይ ያለሽ ሰው አልከለከለሽም፤ ስላልከለከለሽ ደግሞ ማንን ትከሻለሽ? እንባ ጠባቂ ብትሄጂ «የተከለከልሽበትን አምጪ» ቢልሽ ምን ታሳያለሽ? እኛም ብለነዋል፤ እኔም ብየዋለሁ።

አቋሜን አልቀየርኩም። የሰው ማህደር ሲሆን «ለምን» ይጠየቅ ባይ ነኝ።

የቦይሽን ነገር ግን እንዲህ አድርጊ። በአፍ አትጠይቂ። ማመልከቻሽን በሁለት ቅጂ ጻፊ። አንዱን ስጪና ሁለተኛው ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ጽፈው ማህተም እንዲመቱበት አድርጊ። «ትተሽው ሂጂ፣ እናየዋለን» ይሉሻል፤ አትሂጂ። ቁጥሩን እስኪሰጡሽ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ። ሠላሳ ቀን ያልሽው መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ማህተም ነው።

እና ጠዋት ሂጂ።