ምስጋና ለሞንታርቦው

ኮሮና መጥቶ ሁሉም ተመሰገነ። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ሳሙና ያከፋፈለውም። ፒካፕ ላይ ተጭኖ ስለ በሽታው ሲለፍፍ የከረመውን ሞንታርቦ ግን ያስታወሰው የለም፤ ዛሬ እኔ ላመስግነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መያዙ ሲነገር እኛ ጎንደሮች ገና "እውነት ነው እንዴ?" እየተባባልን ነበር። ሞንታርቦው ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። እኛው ነን! "ግዴለሽ ሕዝብ!" እያለ ፒያሳን ዞራት።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ጉሊታቸው ላይ ሽንኩርት ደርድረው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። መኪናው ፊታቸው ቆመና "እጃችሁን በውሃና በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቡ!" አለ። እሳቸው ቢጫ ጀሪካናቸውን ገልብጠው አሳዩት። ጠብ የሚል ነገር የለውም።

"ልጄ፣ ውሃውስ መቼ ነው እሚመጣ?"

ማይኩን የያዘው ልጅ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ (ድምፁ እንዳይታፈን ነው፣ አትፍረዱበት) "እናት፣ ርቀትዎን ይጠብቁ! ሞት ደጃፍዎ ላይ ቆሟል!" አላቸው። እንዴት ያለ አንጀት የሚያርስ መልስ ነው ጃል!

ውጤቱንም አይተናል። አንድ ጎረቤታችንን አምቡላንስ እያስጮኸ መጥቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ እያየ ከወሰደው በኋላ ሰፈራችን ውስጥ የሚያስል ሰው ጠፋ። በሽታው የቀነሰ እንዳይመስላችሁ፤ ሰዉ ሳሉን በትራስ ማፈን ለመደ እንጂ። ትኩሳት ያለበትም "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ተኛ። ምርመራ ሄዶ ማን ስሙን ያስጠፋ?

የድሮ ሰዎችማ ምን ያውቃሉ! ወባ አጠገባችን ያለውን ደምቢያን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) አብረው ሠልጥነው አብረው ሕዝቡ ዘንድ ይወርዱ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ሰው ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከየት እንደሚቀዱ ጠይቆ፣ መልሱን ቁጭ ብሎ መስማት! ያን ሁሉ ልፋት አንድ ሞንታርቦ ይገላግላቸው ነበር።

ወደ ገበያው ልመለስ። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሲሄድ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ጠጋ ብላ "ምን አለ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እንጃ እታለም፣ ተቆጥቶን ነው የሄደ። ምን እንዳጠፋን ግን አልነገረንም።"