ደስታን ከዝርዝሩ ግርጌ ማን አወረደው?

በአዲስ ዓመት ዕቅድ መሳለቅ ቀላል ነው። ዓመቱ ሲጠባ ደብተር ገዝቶ ውጥኑን የደረደረ ሰው፣ ወሩ ሳያልቅ ደብተሩ የት እንደገባ ሲጠፋበት ያላየ የለም። ሳቂዎቹ ማስረጃም አያጡም። ጆን ኖርክሮስ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአዲስ ዓመት ቃል የገቡ 200 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በቃላቸው የጸኑት 77 በመቶ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 19 በመቶ ብቻ ቀሩ። እኚሁ ምሁር በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት አላቸው፤ ሳቂዎቹ ግን እሱን አይጠቅሱም። ሕይወታቸውን መለወጥ ከሚፈልጉ ሰዎች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ቁርጥ ያለ ቃል የገቡትንና ያልገቡትን አነጻጽረው፣ ከስድስት ወር በኋላ ከገቡት 46 በመቶው፣ ካልገቡት ግን 4 በመቶው ብቻ እንደተሳካላቸው አገኙ።

ስለዚህ ጠቤ ከማቀድ ጋር አይደለም። ጠቤ ከዝርዝሩ ርዝመትና ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው።

መጀመሪያ ርዝመቱን እንይ። ቋንቋ መማር፣ ስፖርት መሥራት፣ ገንዘብ መቆጠብ፣ መጻሕፍት ማንበብ፣ ትምህርት መቀጠል፣ ዘመድ ወዳጅ መጠየቅ። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም መጥፎ ነገር የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ዓመቱ ያለው 8,760 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ ሰው 2,920ውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 2,080 ገደማ ሰዓት ለሥራ ይሄዳል። የቀረው 3,760 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ግን መንገዱ፣ ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ መታመምና ማስታመሙ፣ ወረፋ መጠበቁ ሁሉ የሚቆረጠው ከዚሁ ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው አዲስ የሚጀምረውን እንጂ የሚተወውን አይጽፍም። አዲሱ ዓመት ካለፈው የሚበልጥ ሰዓት ይዞ የመጣ ያህል ያስባል።

ይህ የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ነገር እንዲያሻሽሉ ሲጠየቁ ቶሎ ወደ ሐሳባቸው የሚመጣው መጨመር እንጂ መቀነስ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በአንደኛው ሙከራ ተሳታፊዎቹ ሌጎ ከተባሉ የሚገጣጠሙ የመጫወቻ ቁርጥራጮች የተሠራ ነገር ተሰጥቷቸው እንዲያጠናክሩት ተጠየቁ። ቁራጭ መጨመር ያስከፍል ነበር፤ አንዷን ማንሳት ግን ምንም አያስከፍልም፣ መፍትሔውም ያው ነበር። ማንሳት በነጻ መሆኑ በግልጽ ሲነገራቸው የሚያነሱት ሰዎች ቁጥር ከፍ አለ። አስታዋሽ ያጣ ሰው መደረቡን ይቀጥላል።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል ያልሰማ የለም፤ እኛ ግን ዓመቱ በገባ ቁጥር አሥር ዛፍ እንመርጣለን። ቅድሚያ መስጠት ማለት ለመልካም ነገር እምቢ ማለት ነው። ለመጥፎው እምቢ ማለት ቅድሚያ መስጠት ሳይሆን መደበኛ ጨዋነት ነው። ከባዱ፣ የሚወዱትን ኮርስ ዘንድሮ አልማርም ብሎ መቁረጥ ነው። በዚያ ላይ አስቸኳይ መስሎ የሚመጣ ነገር አለ። በ2018 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰዎች የጊዜ ገደቡ አጭር የሆነን ሥራ፣ ክፍያው የተሻለና ጊዜው ሰፊ የሆነውን ትተው የመምረጥ ዝንባሌ አላቸው። ስልካችን ይህንን ድክመት አሳምሮ ያውቃል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልምጣ፤ የበለጠ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ውስጥ ደስታ የለም፤ ካለም የሥራ ዋጋ ሆኖ ከግርጌ ይቀመጣል። ክብደት ስቀንስ፣ ዕዳዬን ስጨርስ፣ ቤቱ ሲያልቅ፣ ልጆቹ ሲያድጉ፣ ያኔ እፎይ ብዬ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ ይባላል። ግን ትልቁ ነገር ሲመጣ ትንንሾቹ ደስታዎች ባሉበት አይጠብቁም። በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቻቸው ትልቅ ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች፣ ሎተሪ ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ከወዳጅ ጋር ማውራት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀልድ መስማት፣ መመስገን፣ መጽሔት ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስደስታቸው ሲጠየቁ፣ ባለ ሎተሪዎቹ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡ። ጥናቱ ትንሽ ነውና ከሚችለው በላይ አልጭንበትም። ሆኖም ትልቁን ነገር እስክናገኝ ድረስ ትንሹን እናቆየው ለሚል ሰው የሚመች ዜና አይደለም።

ተራ ቀናችንን አሁን ብቻ ሳይሆን ለወደፊቱም አሳንሰን እንገምታለን። በ2014 ቲንግ ዣንግና ባልደረቦቻቸው ተማሪዎች በቅርቡ ያደረጉትን ጭውውት፣ የሚሰሙትን ዘፈን፣ በመካከላቸው ብቻ የሚያስቅ ቀልድ የመሳሰለውን ጽፈው እንዲያስቀምጡ አደረጉ። ከወራት በኋላ መልሰው ሲያነቡት፣ አስቀድመው ከገመቱት በላይ ልባቸውን ሳበው። የረባ ነገር አይደለም ብለው ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። ስለ ትንንሽ ደስታዎች የሚሰበከው ብዙውን ጊዜ ለደከመ ሰው ነው፤ ባለችህ ተደሰት ማለት ደግሞ ሌላ አትጠይቅ ማለት ሊሆን ይችላል። ሠራተኞቹን ያለ ክፍያ እያስመሸ ስለ ውስጣዊ ሰላም ስልጠና የሚያዘጋጅ አሠሪ አለ። ሁለት ሥራ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የጎደለው ሰዓት እንጂ አመስጋኝነት አይደለም። የዕለት ደስታ የደመወዝ ምትክ አይሆንም። ዕረፍቱን መጠየቅ፣ ክፍያውን መጠየቅ ራሱ ከዝርዝሩ አናት ሊቀመጥ የሚገባው ነገር ነው።

ሌላው የሚያስፈራኝ ደስታው ራሱ የቤት ሥራ መሆኑ ነው። ዛሬ ስንት እርምጃ ሄድሁ፣ ስንት ገጽ አነበብሁ፣ ስንት ጊዜ አመሰገንሁ እያለ የሚቆጥር መተግበሪያ በየስልኩ አለ። ጆርዳን ኤትኪን የተባሉ ተመራማሪ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እርምጃቸውን ሲቆጥሩ ብዙ እንደሚራመዱ፣ በእግር ጉዞው የሚደሰቱት ግን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሚቆጠር ነገር ሥራ ይሆናል። ለዕቅዱ ይቆጠር፤ ለደስታው ግን ሰዓት መመደቡ ብቻ ይበቃል።

እኔ ብጠየቅ ዝርዝሩ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ በእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ለእሱ ሲባል የሚቀረው ነገር ስም ይጻፍ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ ከሚወዱት ሰው ጋር የሚቀመጡበት ሰዓት ይያዝ። ሳምንቱ ሲጨናነቅ ሁላችንም መጀመሪያ የምንሰርዘው ይህንኑ ቀጠሮ ነው፤ ወዳጅ አይቆጣም፣ ይረዳናል እንላለንና። የእኔ ምርጫ የተገላቢጦሽ ነው፤ የዚያን ቀን የቋንቋው ትምህርት ይቅር። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ገምተዋል፤ በመካከሉ አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን ያን ያህል እንዳልጎዳው አይተዋል። ትምህርቱ በማግስቱ እዚያው ገጽ ላይ ይገኛል። ለሦስት ወር "በሚቀጥለው ሳምንት" የተባለ ወዳጅ ግን መደወሉን ያቆማል።