አብረው የማይጸልዩ አብረው ይዋኛሉ

አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥቼ ቤት ገባን። አራት ዓመቷ ነው። በእጇ በሶፍት የተጠቀለለ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ትንሽ ዳቦ ይዛለች። እናቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። ልጅት ሮጣ ዳቦውን እጇ ላይ አኖረችላትና «ሻባት ሻሎም!» አለቻት።

እናቴ እኔን አየችኝ። «ምን አለች?»

«የሰንበት ሰላምታ ነው። እንኳን ለሰንበት አደረሰሽ እንደማለት።»

«ዛሬ እኮ አርብ ነው።»

«ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው።»

«ታዲያ የእኛስ ቀዳሚት ሰንበት መቼ ሆና ነው?» አለች። ዳቦውን አገላብጣ አየች፣ አሸተተች። «እንቁላል አለው?» አለው አልኳት። ጾም ነው፤ በሶፍቱ መልሳ ጠቀለለችው። «በይ ለነገ አስቀምጪልኝ።» እንዲህ ሆኖ ያ ዳቦ ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር ተበላ። በሰንበት ማለት ነው።

የልጄ መዋዕለ ሕፃናት ያለው በአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው «ጄሲሲ» ብሎ ያውቀዋል። እኛ ቤት አንድም አይሁድ የለም። እዚያ ያስገባኋት ከቤቴ ስለሚቀርብና ሰዓቱ ከሥራዬ ጋር ስለሚገጥም ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ደግሞ ቤቱ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሞግዚት ሆኜ የሌላ ሰው ልጆች እጠብቅ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ዋና ወደሚማሩበት ጄሲሲ አደርስ ነበር። ገንዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ፎጣ ታቅፈን የምንደረደር ሐበሾች አራት አምስት አናንስም። የክሎሪኑ ሽታ ጸጉራችን ውስጥ ይገባል። ስለ ሰፈር እናወራለን፣ ዓይናችን ግን ከውኃው አይነቀልም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለች ብዙ ሐበሻ ሴት ይህን አግዳሚ ወንበር ታውቀዋለች።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ሰው ተነስቶ «የራሳችን ማዕከል ያስፈልገናል» ይላል። ይጨበጨብለታል። ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይጀመራል። ከዚያ ኮሚቴው ለሁለት ይከፈላል። ቀጥሎም ሌላው ሰው ይነሳና «አይሁዶቹን እዩ!» ይላል። የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ስለ ገንዘብ ነው፤ እነሱ ስላላቸው ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እርግጥ ገንዘብ ያግዛል። ቤቱን ያቆመው ግን የሰውን የዘወትር ጣጣ መሸከሙ ነው። የቤቱ ክብር ኋላ የመጣ ነገር ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላውራው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእነዚህ ማዕከላት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1854 ባልቲሞር ውስጥ የተመሠረተ የወጣት አይሁዶች የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ነው። መጽሐፍ የሚያነቡበትና ከአቻዎቻቸው ጋር የሚገናኙበት ነበር። ኒውዮርክ በ92ኛው ጎዳና ላይ ያለው ዝነኛ ማዕከል ደግሞ በ1874 ተመሠረተ። ከዚያ ከምሥራቅ አውሮፓ ስደተኛው ጎረፈ። ቤቶቹም እንግሊዝኛ ማስተማሪያ፣ ሥራ ማፈላለጊያ፣ ለዜግነት ፈተና መዘጋጃ ሆኑ። አንዳንዶቹ መታጠቢያ በሌለው ቤት ለሚኖረው ሰው ገላ መታጠቢያ ጭምር ነበሩ።

ይህን የሚያነብ ሐበሻ የሚያውቀው ነገር ነው። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ዛሬ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ፎርም ይሞላሉ፣ ያስተረጉማሉ፣ ለዜግነት ፈተና ያዘጋጃሉ። ሥራው ክቡር ነው። ጥያቄው የሚመጣው የስደተኛው ልጅ እንግሊዝኛውን ከአስተማሪው አስበልጦ ሲናገር ነው። ያኔ ቤቱ ለምን ይጠቅማል? አይሁዶቹ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ አልዘጉትም። የስፖርት አዳራሽ፣ ገንዳ፣ የቴአትር መድረክ፣ መዋዕለ ሕፃናት አስገቡበት። ራቢ ሞርደካይ ካፕላን ከመቶ ዓመት በፊት ማንሃተን ውስጥ ጸሎቱንም ስፖርቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋለ ቤት ሲመሠርት «ገንዳ ያለው ምኩራብ» የሚል ቀልድ ተወለደ። ቀልዱ እስካሁን ይነገራል። ብዙ አይሁዶችም ያማርራሉ፦ ጄሲሲ ማለት በር ላይ መዙዛ (አይሁድ በቤታቸው መቃን ላይ የሚለጥፉት፣ የኦሪት ቃል የተጻፈበት ብራና ያለው ትንሽ መያዣ) የተለጠፈበት ጂም ሆኗል ይላሉ።

እኔ ደግሞ ጥንካሬው እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

አንድ ቀን ሎቢው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ብትውሉ ይገባችኋል። ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ዋኝተው፣ ጸጉራቸው ሳይደርቅ ቡና ይዘው ጋዜጣ ላይ ይከራከራሉ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሕፃናቱ ገመድ ይዘው በሰልፍ ያልፋሉ። ቀትር ላይ ለአረጋውያን ምሳ ይቀርባል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሩሲያኛ ትሰማላችሁ፣ ስፓኒሽ ትሰማላችሁ። ማታ ቅርጫት ኳስ አለ። በጋ ሲመጣ ግቢው የልጆች ካምፕ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ይከፈላል። የአባልነት መዋጮ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ፣ የካምፕ ክፍያ፣ በላዩ ላይ ከባለጸጎች የሚመጣ ስጦታ አለ። ርካሽ አይደለም፤ የእኔ ደረሰኝ ምስክር ነው። ለማይችል ቅናሽ ያደርጋሉ፣ ግን ወረቀቱ ብዙ ነው። ቢሆንም የመጽሐፍ ውይይቱንና የሙዚቃ ምሽቱን ደግፎ የሚይዘው ይኸው ገቢ ነው። የግጥም ምሽት ብቻውን የመብራት አይከፍልም። እኛ ማዕከል ስንል ግን መጀመሪያ የምናስበው የግጥም ምሽቱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጸሎት ነው። አይሁዶች በሃይማኖት ጉዳይ አንድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ሕጉን አጥብቆ የሚይዘው ኦርቶዶክስ አይሁድ፣ መካከለኛው ኮንሰርቫቲቭ፣ ለዘብ ያለው ሪፎርም እያንዳንዱ የራሱ ምኩራብ አለው። ሴት ራቢ ትሁን አትሁን፣ ወንድና ሴት አብረው ይቀመጡ አይቀመጡ በሚለው አይስማሙም። በጭራሽ የማይጸልየውም ብዙ ነው። ማዕከሉ በሰንበት ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ክርክር በየከተማው ተነስቷል። ገንዳው ውስጥ ግን ሁሉም አለ። ዋና ልብስ ለብሶ ማን የየትኛው ምኩራብ እንደሆነ አይለይም። እኔም አለሁ፤ ያቺ ሂጃብ የለበሰች የልጄ ጓደኛ እናትም አግዳሚው ላይ አለች።

ከዋሽንግተኑ ጄሲሲ ሕንፃ የበለጠ ለእኛ የሚናገር ታሪክ ያለው ቤት ያለ አይመስለኝም። ከኋይት ሐውስ ቀጥታ ወደ ሰሜን በሚሄደው 16ኛው ጎዳና፣ ኪው ስትሪት ጥግ ላይ ነው። በ1925 የማዕዘኑን ድንጋይ ያኖሩት ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ናቸው። ለአርባ ዓመት ያህል የከተማው አይሁድ መዋያ ሆነ። ከዚያ ሰዉ ወደ ሜሪላንድ መውጣት ጀመረ። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ከተማው ነደደ። ሕንፃው ተሸጠ። ማዕከሉ ራሱ ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል ገብቶ በ1969 አዲስ ቤት ከፈተ። ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። ከተማው ውስጥ የቀሩትና ተመልሰው የገቡት ተደራጅተው በ1990 ያንኑ አሮጌ ሕንፃ መልሰው ገዙት። አድሰውም በ1997 ከፈቱት። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ የሮክቪሉም፣ የ16ኛው ጎዳናውም።

ከዚያ ሕንፃ ተነስታችሁ በእግር ብትሄዱ ከሃያ ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ 9ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ትደርሳላችሁ። የእኛ ሰፈር የነበረው እሱ ነው። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን ነበርን፤ ኪራዩ ሲንር ወደ ዩ ስትሪት ወረድን፤ እዚያም ኪራዩ ተከተለን። ከከተማው ውጪ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገባን። እኛም እንደነሱ ወጣን ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ ስንወጣ ትተን የሄድነው የተከራየነውን ነው። መልሰን የምንገዛው ሕንፃ የለም።

ቤቱ ከፖለቲካ ነፃ ነው ብዬ ላሞካሸው አልፈልግም። በ16ኛው ጎዳናው ማዕከል ውስጥ ያለው ቴአትር ስለ እስራኤልና ፍልስጤም በሚያሳያቸው ተውኔቶች ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቶ በ2014 የጥበብ ዳይሬክተሩ ተባረረ። ማዕከሉ የሥራ ዲሲፕሊን ጉዳይ ነው አለ። እሱ ተውኔቶቹ ናቸው አለ። አርቲስቶች ተቃወሙ፣ ጋዜጦች ጻፉ። ይህን ሳነብ እንደ ሐበሻ ጠብቄ የነበረው ነገር ማዕከሉ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ማዕከል እንደሚሆን ነው። አልሆነም። ገንዳው በማግስቱም ክፍት ነበር።

በሩ ላይ ዘበኛ አለ። መኪና ማቆሚያው ዙሪያ የኮንክሪት መከላከያ አለ። መጀመሪያ ቀን ልጄን ሳደርስ ደንግጬ ነበር። ምክንያቱን ግን ማንም አይረሳውም። በሚያዝያ 2014 ካንሳስ ውስጥ ኦቨርላንድ ፓርክ በሚባል ከተማ አንድ ዘረኛ አይሁድ ልግደል ብሎ ጄሲሲውና አቅራቢያው ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ሦስት ሰው ገደለ። ሦስቱም ክርስቲያኖች ነበሩ። አንዱ ገና ወጣት፣ ለዘፈን ውድድር የመጣ ልጅ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በመላ አሜሪካ በብዙ ማዕከላት ላይ የቦምብ ዛቻ በስልክ ይመጣ ነበር። ሕፃናት ከነእርጥብ ዋና ልብሳቸው ወደ ብርድ ሲወጡ በዜና አይተናል። በጥቅምት 2018 ፒትስበርግ ውስጥ በምኩራብ 11 ሰው ሲገደል ቤተሰቦች ወሬ የጠበቁት ሰፈሩ ባለው ጄሲሲ ነው። ዘወትር ዋና የሚዋኝበት ቤት ያን ቀን የለቅሶ ቤት ሆነ። መንገዱን ሁሉም ስለሚያውቀው «የት እንሂድ?» ያለ ሰው አልነበረም።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ማትናስ» የሚሉት የዚህ ዘመድ ነው። ቃሉ የባህል፣ የወጣቶችና የስፖርት ማዕከል ከሚለው ዕብራይስጥ የተቆረጠ ነው። እዚያ በመንግሥትና በከተማ ማዘጋጃ ቤት ድጋፍ ስለሚሠራ ነገሩ ይለያል፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

«እኛ ቤተ ክርስቲያን አለን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለን። ምድር ቤቱ አዳራሽ ባይኖር ለቅሶውንም ክርስትናውንም የት እናደርግ ነበር? ግን ሙስሊሙ ጎረቤቴ እዚያ ቅርጫት ኳስ አይጫወትም። ጴንጤዋ የአክስቴ ልጅ አትመጣም። ሬስቶራንቱስ? ልጅ ይዘህ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ሁላችንንም አንድ ላይ የሚያገኘን በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ ያለው የኳስ ፌስቲቫል ነው። የሚያዘጋጀው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1984 ነው። የአይሁድ ማዕከላት የወጣቶች የማካቢ ጨዋታ በሜምፊስ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1982 ነው። ሁለቱም ኳስ ይዘው ከከተማ ከተማ ሰው ያገናኛሉ። የእነሱ ልጆች ጨዋታው አልቆ ሲመለሱ ግን የሚገቡበት ቤት አለ። የእኛዎቹ ሲመለሱ የሚቀራቸው ማልያው ነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በሐውልት አንጀምር፣ በመዋዕለ ሕፃናት እንጀምር። በዚህ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ፈቃድ አውጥተው የሕፃናት ማዋያ የከፈቱ የእኛ ሴቶች ሞልተዋል። ሙያው አለ። በሩንም ለሳልቫዶሩ ጎረቤት፣ ለጥቁር አሜሪካዊው ጎረቤት እንክፈተው፤ እሱም ከፍሎ ይግባ፣ ልጁ «እንደምን አደርክ» ማለት ይማር። ባህላችን ይበረዛል የሚል አለ። የእኔ ልጅ ሻባት ሻሎም ስላለች አይሁድ አልሆነችም። አያቷ ግን ስለ ቀዳሚት ሰንበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረቻት በዚያ ዳቦ ምክንያት ነው።

ይህንኑ ባለፈው አንድ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ገንዳ የሚለውን ቃል ሳነሳ ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ «እና ለመዋኛ ነው ገንዘብ የምናዋጣው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለሕንፃው አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ተበተንን። ስወጣ ኮት መስቀያው ጋ ሦስት ሴቶች ጠበቁኝ። አንዷ ሕፃን አዝላለች። ስለ ኮሚቴው አልጠየቁኝም።

«ያልሽው መዋዕለ ሕፃናት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚቀበለው?»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አልኳቸው።