ጀበናዋ በርታለች፣ ቡና ደርሷል

ለኮዬ ፈጬ ባለቪትዞች እጅ ነስቻለሁ። እንደናንተ ሆደ ሰፊ ሹፌር አላየሁም።

የቪትዝ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። የዘይት ማንቆርቆሪያ ቅርጽ አላት፣ ጫፏ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ እየሠራ ከበራች «የዘይት ግፊት ወርዷል፣ አቁመህ ሞተሩን አጥፋ» ማለቷ ነው። የሠሯት ሰዎች እንዲህ አስበው ነበር። ያልገመቱት ኢትዮጵያ እንደምትመጣ ነው። እኛ ሰፈር መብራቷን ያየ ሁሉ ስሟን በአንዴ ያውቃል፦ ጀበና! ጀበና አይቶ የደነገጠ ሰው ደግሞ አላውቅም።

የብሎካችን ጋሼ ጀበናቸው መብራት ከጀመረች ሰነበተች። ዳገት ላይ ትበራለች፣ ሜዳ ላይ ትጠፋለች። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣

«ጋሼ፣ ዘይቱን ቢያዩት አይሻልም?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ መኪናዋ እየሄደች ምኑን ነው የማየው?»

መልስ አጣሁ። ሎጂኩ የብረት ነው። የሚሄድ ነገር አይነካም።

ጋራዥ ውስጥ ዘይት የቀየሩ ጊዜ አንድ ካርድ ሰጥተዋቸው ነበር። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲመለሱ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ጋሼ ካርዱን አልጣሉትም፣ መስታወቱ ሥር እንደ ክታብ አንጠልጥለውታል። ቁጥሩ ካለፈ ግን ሁለት ፋሲካ አልፏል። ያቺ ሚጢጢ ሞተር የምትጠጣው 4 ሊትር እንኳን የማይሞላ ዘይት ነው፤ ለልደት ከሚገዛው ለስላሳ ያነሰ። ቢሆንም ቁጠባ ቁጠባ ነው።

ንጽሕናቸውንስ ማን ያህለዋል! ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን እየተሸከምን፣ ቪትዛቸው በየቅዳሜው ትታጠባለች። ጎማዋ ሳይቀር ይቀባል። ከጀሪካኑ የተረፈው ራዲያተር ውስጥ ይጨመራል። ኩለንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ ዝገት ይከላከላል፣ ቶሎም አይፈላም የሚሉ አሉ። ቅንጦት ነው። ጅቡቲ ላይ 100 ዲግሪ የሚጠብቅ ውኃ እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በ92 ወይም በ93 ገደማ ይንተከተካል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተውማ ምን ያዘገየዋል? ጀበናዋ በርታ፣ ውኃው ፈልቶ፣ የቀረው ቁርስ ብቻ ነው።

ቦሎ ሲደርስ ደግሞ ማኅበራዊ ኑሯችን ያምራል። ጥርስ ያለው ጎማ ከዘመድ ይመጣል፣ እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት። የኛ ብሎክ እሳት ማጥፊያ ስንት መኪና ቦሎ እንዳስወጣ ቢቆጠር ጡረታ ይገባው ነበር። እሳት ግን አጥፍቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ቤተሰቡን ይዘው አዳማ ወረዱ። ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ሲገቡ ወደ ታች ስለሆነ ቪትዟ እንደ ንስር በረረች አሉ። ችግሩ አዳማ የሄደ ሰው መመለሱ ነው፤ መመለሻው ዳገት ነው። ጀበናዋ ቦግ አለች። እትዬ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በርቷል!» ሲሏቸው «ተይው፣ ልማዷ ነው» ብለው ቤንዚኑን ረገጡ። ትንሽ እንደሄዱ ከኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ። ከዚያ ዝም። ሞተሩ ነክሷል፤ ተጣብቆ ቀርቷል።

ማታ በሌላ መኪና ተጎትታ መጣች። መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ አየ፣ ጠረገ፣ ደግሞ ከቶ አየ። ጨርቁ አልቆሸሸም። ጋሼን ቀና ብሎ ተመለከታቸውና «አባቴ፣ ንጹሕ ነው» አላቸው።

ጋሼ ደስ አላቸው።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። በጠዋት ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወረዱ። ጎማዋን ቀቡ፣ ስፖኪዮዋን ወለወሉ። አሁን ከብሎኩ ሥር ቆማለች፤ ታብረቀርቃለች።